የጉዳይ ማስታወሻ አጻጻፋችንን ለምን እንደለወጥን

(ደብዳቤ በመጻፍና ቀጠሮ በመያዝ ነዋሪውን የምንረዳ በጎ ፈቃደኞች በካኩማ ካምፕ በነዋሪዎች ስብሰባ ላይ ያቀረብነው ንግግር ሙሉ ቃል)



 አብዛኞቻችሁ ታውቁናላችሁ። የቀጠሮ ወረቀት ሲደርሳችሁ፣ ማመልከቻ ስታጽፉ፣ የራሽን ካርድ ሲጠፋባችሁ ወይም የልጅ የትምህርት ማስረጃ ሲያስፈልጋችሁ በየተራ ተቀምጠን የምንቀበላችሁ እኛ ነን። ዛሬ የምንናገረው ስለ አንድ ትንሽ ስለሚመስል ነገር ነው። ጉዳያችሁን ኮምፒዩተር ላይ ስንመዘግብ በምን ዓይነት አጻጻፍ እንደምንይዘው፣ አጻጻፉንም ለምን ከሥሩ እንደለወጥነው ልናስረዳችሁ እንወዳለን።

ለመለወጥ ያስገደደንን ነገር ሳንሸሽግ እንናገራለን። አንዲት እናታችን የኢንተርቪው ቀጠሮ ወረቀት ይዘው መጡ። የዕለቱ ተረኛችን ወረቀቱን አየ፤ በእንግሊዝኛ 9:00 ይላል። እንዳየውም «ሐሙስ 9 ሰዓት» ብሎ መዘገበ። በማግስቱ ሌላው ተረኛ መዝገቡን ከፍቶ፣ ላስታውሳቸው ብሎ እቤታቸው ድረስ ሄደና «እማማ፣ ቀጠሮዎ ሐሙስ 9 ሰዓት ነው፤ እንዳይረሱ» አላቸው። እሳቸውም ሐሙስ ዕለት ነጠላቸውን አጣፍተው ገና በ8 ሰዓት ተኩል በሩ ላይ ተገኙ። ስማቸው የተጠራው ግን ከጠዋቱ በ3 ሰዓት ነበር። ፋይሉ ተዘግቷል፤ ጠያቂዎቹም ሄደዋል። ሌላ ቀጠሮ እስኪሰጣቸው ሰባት ወር ጠበቁ።

ሊጠይቁን ሲመጡ አልተቆጡም። «ልጆቼ፣ 9 ሰዓት ብላችሁ የነገራችሁኝ እናንተ አይደላችሁም ወይ?» ብቻ ነው ያሉት። መልስ አልነበረንም።

በዚያ ሳምንት ተሰብስበን ጥፋቱ የማን ነው ብለን ተከራከርን። የመጀመሪያው ያየውን ጻፈ፤ ሁለተኛው የተጻፈውን አነበበ፤ እናታችንም የተነገራቸውን አከበሩ። እያንዳንዱ ሰው ሥራውን ሠርቷል። ያጠፋው አጻጻፋችን ነበር። «9 ሰዓት» የሚለው በማን አቆጣጠር እንደሆነ የሚገለጽበት ቦታ በመዝገቡ ላይ አላበጀንለትም። እዚህ ኬንያ ውስጥ ደግሞ ነገሩ የበለጠ ይጠላለፋል፤ ምክንያቱም በስዋሂሊ ሲነገር ሰዓቱ እንደኛው ነው። ጎረቤታችን «ሳአ ታቱ» ሲል ሦስት ሰዓት ማለቱ ነው፣ ከጠዋቱም ከሆነ የኛው የጠዋቱ 3 ሰዓት ነው። በቢሮ ወረቀት ላይ ግን ያው ሰዓት 9:00 ተብሎ ይጻፋል። ስለዚህ በጆሮ የሰማነውና በዓይን ያየነው ስድስት ሰዓት ይለያያሉ።

እንግዲህ ስለ አጻጻፉ እንነጋገር። በመጀመሪያ በደብተር ነበር የምንሠራው። ደብተር ጥሩ ነው፤ መብራት አይፈልግም። ግን አንድ ደብተር አንድ ሰው እጅ ላይ ይቀራል፣ ከስድስት ወር በፊት የተጻፈውን ለማግኘትም ገጽ በገጽ መግለጥ ነው። ቀጥሎ አንድ ወንድማችን በኮምፒዩተር ባለ ቀለም ሠንጠረዥ ሠራልን። ቀዩ አስቸኳይ ነው፣ አረንጓዴው ያለቀ ነው፣ ቢጫው ምን እንደሆነ የሚያውቀው እሱ ብቻ ነበር። እሱ ወደ ሦስተኛ አገር ሲሄድ ቢጫውን ይዞት ሄደ! እየሳቃችሁ ነው፤ እኛ ግን ያን ጊዜ አልሳቅንም። ሠላሳ የሚያህሉ ጉዳዮች ምን ላይ እንዳሉ ለማወቅ ሰዉን አንድ በአንድ እየዞርን መጠየቅ ነበረብን።

ከዚያ በኋላ አንድ ነገር ወሰንን። መዝገቡ ጽሑፍ ብቻ የሆነ ፋይል ይሁን፤ ቀለም፣ ሠንጠረዥ፣ ጌጥ አይኑረው። እንዲህ ያለ ፋይል በአሮጌ ኮምፒዩተርም፣ በስልክም ይከፈታል፣ ለመክፈትም የሚገዛ ፕሮግራም አያስፈልግም። ከመካከላችሁ በድሮ ጊዜ በኮምፒዩተር አማርኛ የጻፈ ሰው ካለ፣ ያንኑ ፋይል ሌላ ማሽን ላይ ሲከፍተው የማይነበብ ምልክት ሆኖ እንደሚወጣበት ያስታውሳል። ያን ጊዜ እያንዳንዱ የአማርኛ ፕሮግራም ለፊደሉ የራሱን ቁጥር ይሰጥ ስለነበረ ነው። የግዕዝ ፊደል በ1999 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ዩኒኮድ በሚባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት መዝገብ ውስጥ ከገባ ወዲህ ግን «ሀ» በየትም ቦታ «ሀ» ነው። ቦታም አይፈጅም። በተለመደው አቀማመጥ አንድ የግዕዝ ፊደል ሦስት ባይት ይይዛል። ስልሳ ፊደል ያለበት መስመር 180 ባይት ነው ማለት ነው፤ ሺህ መስመር ብንጽፍ እንኳ በስልክ ከምታነሡት አንድ ፎቶግራፍ እጅግ ያንሳል።

ነገር ግን ፋይሉ ጽሑፍ ብቻ ሲሆን ሥርዓቱን የሚያስከብርልን ፕሮግራም ሳይሆን እኛው ነን። ሠንጠረዥ ሣጥን አለው፤ ሰዓት ሳትሞላ ብታልፍ ባዶው ሣጥን ይታይሃል። ጽሑፍ ላይ ግን የተረሳ ነገር አይታይም። ስለዚህ ምን፣ በምን ቅደም ተከተል፣ በምን ቃል እንደሚጻፍ አስቀድሞ መስማማት ግድ ነው።

የሌሎችን ልምድም አይተናል። ጂና ትራፓኒ የተባለች አሜሪካዊት ጸሐፊ በ2006 ያወጣችው «ቱዱ» የሚባል አጻጻፍ አለ። በዚህ አጻጻፍ አንድ ጉዳይ በአንድ መስመር ብቻ ይሰፍራል፤ ሲያልቅ መስመሩ መጀመሪያ ላይ የላቲን ኤክስ ይደረግበታል፤ አስቸኳይነቱም በላቲን ትልቅ ፊደል በቅንፍ ይጻፋል። ቀላል ስለሆነ ወደድነው፤ ጥቂት ሳምንታትም ሞከርነው። ሁለት ነገር አስቸገረን። አንደኛ፣ ለያንዳንዱ ምልክት የፊደል ገበታውን ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ፣ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ መገልበጥ ያስፈልጋል፤ የቸኮለ ሰው ደግሞ ይረሳል። ሁለተኛ፣ ለገበያ ዕቃ አንድ መስመር ይበቃል፣ የስደተኛ ጉዳይ ግን ታሪክ አለው። ማመልከቻው መቼ ገባ? ማን ተቀበለው? ምን ብለው መለሱ? ይህ በአንድ መስመር አይሰፍርም።

ከዚያ ወደ ሌላኛው ሄድን። በአምስተርዳም ዩኒቨርሲቲ የሥነ ፈለክ ተመራማሪ የሆነው ካርስተን ዶሚኒክ የራሱን ማስታወሻና ሥራ ለመያዝ ብሎ በ2003 የጀመረው «ኦርግ» የሚባል ዘዴ ነው። ኢማክስ በሚባለው ነፃ የጽሑፍ ፕሮግራም ውስጥ ይሠራል። ፋይሉ ራሱ ግን ያው ተራ ጽሑፍ ስለሆነ በሌላም ይከፈታል። በመስመሩ መጀመሪያ ላይ ኮከብ ሲደረግ ርእስ ይሆናል፤ ከርእሱ ሥር የፈለጉትን ያህል መጻፍ ይቻላል። ለኛ ዋናው ጥቅሙ ግን የሥራውን ሁኔታ የሚያመለክቱትን ቃላት በራስ ቋንቋ መወሰን መፍቀዱ ነው። ፋይሉ ራስ ላይ በአንድ መስመር «ቃሎቻችን እነዚህ ናቸው» ብሎ መንገር ይበቃል።

ቃላቱን መምረጥ ቀላል መስሎን ነበር። በመጀመሪያ ያልተሠራውን «ሥራ» አልነው። ከወር በኋላ ፕሮግራሙን «ያልተሠሩትን አውጣልን» ስንለው ግማሹን ብቻ አወጣ። ለካ ግማሾቻችን «ሥራ» በንጉሡ ሠ፣ ግማሾቻችን «ስራ» በእሳቱ ሰ እንጽፍ ኖሯል። ለአንባቢ ሁለቱ አንድ ናቸው፤ ለማሽኑ ግን ፈጽሞ የተለያዩ ፊደሎች ናቸው። የኔታ ያስተማሩትን የማያስተው አንድ አባታችን «እኔ ትክክለኛውን ነው የጻፍሁት» ብለው ተከራከሩን፤ እውነታቸውንም ነበር። ግን ሰውን ሁሉ አጻጻፍ ማስተማር የዕለት ተዕለት ሥራችንን አይጠብቅልንም። ስለዚህ ሀ፣ ሐ፣ ኀ፤ ሰ፣ ሠ፤ አ፣ ዐ፤ ጸ፣ ፀ የሌሉባቸውን፣ ማንም በሁለት መንገድ ሊጽፋቸው የማይችላቸውን አራት ቃላት መረጥን፤ ይደረግ፣ ይጠበቅ፣ ተደረገ፣ ቀረ።

«ይደረግ» እኛ ወይም ባለጉዳዩ ማድረግ ያለብን ነገር ሲኖር ነው። «ተደረገ» ሲያልቅ ነው። «ቀረ» የተተወ ሲሆን ነው፤ ለምን እንደተተወ ከሥሩ ሳይጻፍ ግን «ቀረ» ማለት ክልክል ነው።

«ይጠበቅ» የሚለው ብዙ አከራከረን፤ መዝገባችን ውስጥም በብዛት ያለው እሱ ነው፤ ኑሯችንም ይኸው አይደል? ችግሩ አንድ ጉዳይ «ይጠበቅ» ከተባለ በኋላ ማንም አይነካውም። ኳሱ ሌላ ሰው እግር ላይ ነው ብለን እንተኛለን። እናም ደንብ አወጣን። «ይጠበቅ» ተብሎ ከተጻፈ ሁለት ነገር መከተል አለበት፤ ከማን እንደሚጠበቅና እስከዚያ ቀን መልስ ካልመጣ ሄደን የምንጠይቅበት ቀን። ይህ ቀን የሌለበት «ይጠበቅ» ካያችሁ፣ መዝገባችን ተሳስቷልና ንገሩን።

ቀጥሎ ርእሱ ነው። «የወይዘሮ እገሌ ጉዳይ» ብሎ መጻፍ ለጻፈው ሰው ብቻ ነው የሚጠቅመው። ነገ የሚቀመጠው ተረኛ ጉዳዩ ምን እንደሆነ አያውቅም። ርእሱ ቀጥሎ የሚደረገውን ነገር መናገር አለበት፤ «የልደት ወረቀት ቅጂ ወስዶ ማስመዝገብ» እንደማለት ነው። እዚህ ላይ ደግሞ የቋንቋችን ጠባይ መጣ። በእንግሊዝኛ የተጻፉት መመሪያዎች ርእስህን በግስ ጀምር ይላሉ፤ በአማርኛ ግስ መጨረሻ ላይ ነው። ስልክ ላይ ረጅም ርእስ ሲከፈት መጨረሻው ይቆረጥና ዋናው ነገር፣ ማምጣት ይሁን መውሰድ፣ ማስገባት ይሁን መሰረዝ፣ ሳይታይ ይቀራል። ግሱን ወደ ፊት ብናመጣው ደግሞ የትርጉም አማርኛ ይሆናል፤ ሰውም ይስቅብናል። ስለዚህ ርእሱ ከሰባት ቃላት እንዳይበልጥ ወሰንን። የቀረው ወደ ታች ይውረድ።

አሁን ወደ ቀኑና ወደ ሰዓቱ እንመለስ፤ የመጣነው ለሱ ነውና። አንድ ወረቀት ላይ 3/5 የሚል ቀን አይታችሁ ይሆናል። እንግሊዞች በሚጽፉበት ልማድ ሜይ 3 ነው፤ አሜሪካኖች በሚጽፉበት ማርች 5 ነው። በኛ አጻጻፍ ካነበባችሁት አምስተኛው ወር ጥር ነውና ጥር 3 ይሆናል፤ ይህም በፈረንጅ አብዛኛውን ጊዜ ጃንዋሪ 11 ላይ ይውላል። አንድ ወረቀት፣ ሦስት ቀን! ዓመቱም እንደዚሁ ነው፤ ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ አጋማሽ አልፎ የፈረንጆች አዲስ ዓመት እስኪገባ ልዩነቱ ሰባት ዓመት ነው፣ ከዚያ በኋላ ስምንት።

ስለዚህ ቀን ሁለት ጊዜ ይጻፋል። የመጀመሪያው ለማሽኑ ነው፤ ከዓመት ጀምሮ፣ ከዚያ ወር፣ ከዚያ ቀን፣ በፈረንጆች አቆጣጠርና በሃያ አራት ሰዓት። ከዓመት የሚጀመረው ፋይሉ በቀን ቅደም ተከተል ሲደረደር እንዳይዘበራረቅ ነው። ሁለተኛው ለሰው ነው፤ በኛ ወር፣ በኛ ሰዓት፣ «ከጠዋቱ» ወይም «ከቀኑ» የሚለው ቃል ሳይቀር። ኢማክስ ውስጥ ያለው ካላንደር የኢትዮጵያን ዘመን አቆጣጠር ስለሚያውቅ ቀኑን መቀየሩ ላይ አንቸገርም። ሰዓቱን ግን ራሳችን ነን የምንለውጠው፤ ስለዚህም ሁለት ሰው ያየዋል። ለምሳሌ፦

 ይደረግ ለኢንተርቪው መቅረብ፣ ቁጥር 31
<2025-03-06 ሐሙስ 09:00>
የካቲት 27 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት
ይዘው የሚሄዱት፦ የቀጠሮው ወረቀት፣ የራሽን ካርድ
[2025-02-20] ወረቀቱ ደረሰን፤ ለባለጉዳይዋ ተነግሯል።

በማዕዘን ቅንፍ ውስጥ ያለው ቀን በዕለቱ የሥራ ዝርዝር ላይ ብቅ ይላል። በአራት ማዕዘን ቅንፍ ያለው ግን ያለፈ ነገር መመዝገቢያ ስለሆነ ዝም ብሎ ይቀመጣል። ቀኑ የሚጻፍባቸው አኃዞች ተራዎቹ ይሁኑ፤ አንድ ዲያቆን ወንድማችን በግዕዝ ቁጥር ጽፎት መልኩ አምሮ ነበር፣ ፕሮግራሙ ግን ቀን መሆኑን አላወቀም።

የተውነውም ነገር አለ። በርእሱ መጨረሻ ላይ በሁለት ነጥብ እያጠሩ «ጤና»፣ «ትምህርት» እያሉ መለያ መስጠት ይቻላል። ጥሩ ነው ብለን ጀምረን ነበር፤ የአማርኛው ገበታ ግን በተራው ሁለት ነጥብ ፋንታ የግዕዙን ሁለት ነጥብ ይጽፋል። በዓይን አይለዩም፤ ፕሮግራሙ ግን አንዱን ብቻ ነው የሚቀበለው። ለአንድ ሰዓት ያህል ማሽኑ ተበላሽቷል ብለን ስንነካካው ዋልን። በመጨረሻ መለያውን ትተን አንድ ኮከብ ለዘርፉ፣ ሁለት ኮከብ ለጉዳዩ አደረግን። ባነሰ ምልክት መሥራት ይሻላል።

ስለ ምስጢር ደግሞ ልትጠይቁን እንደምትፈልጉ እናውቃለን። ጽሑፍ ብቻ የሆነ ፋይል ማንም የከፈተው ያነበዋል፤ ጥቅሙም ጉዳቱም ይኸው ነው። በመዝገቡ ላይ ስማችሁ የለም፤ በላዩ ያያችሁት «ቁጥር 31» እኛ የሰጠነው ቁጥር ነው እንጂ የኬዝ ቁጥር አይደለም። ቁጥሩ የማን እንደሆነ የሚናገረው ወረቀት ለብቻው ተቆልፎ ይቀመጣል። ከአገር ለምን እንደወጣችሁ፣ ምን እንደደረሰባችሁ፣ የሕመማችሁ ስም፣ ይህ ሁሉ ፋይሉ ውስጥ አይገባም። ለመናገር ብትፈልጉ እንኳ አንጽፈውም። ፋይሉን በምስጢር ቁልፍ መቆለፍ እንደሚቻል አይተናል፤ ኢማክስ ይህን ያደርጋል። ከመካከላችን ሁለቱ ይቆለፍ ይላሉ፤ ሌሎቻችን ቁልፉን የያዘው ሰው አንድ ቀን ጠዋት አውቶቡስ ላይ ወጥቶ ቢሄድ የሁላችሁም ጉዳይ አብሮ ይቀበራል እንላለን። እስካሁን አልተስማማንም። እስክንስማማ ድረስ ደንቡ አንድ ነው፤ ቢሰረቅ ሰው የሚጎዳ ነገር አይጻፍ።

ከመዝገቡም ምንም አይደመሰስም። ያለቀው ጉዳይ በወሩ መጨረሻ ወደ ሌላ ፋይል ይዛወራል እንጂ አይጠፋም። በቅርቡ አንድ ወጣት ለትምህርት ዕድል ያስገባው ማመልከቻ «አልደረሰንም» ተባለ። መዝገቡን ከፍተን የገባበትን ቀንና ወረቀቱን የተቀበለው የትኛው መስኮት እንደነበረ ጽፈን ሰጠነው። ይዞ ሄደ፤ የዚያን ቀን ወረቀቶች ሲገለጡ ከመካከላቸው ተገኘ።

መብራት ሲጠፋ ምን ታደርጋላችሁ ላላችሁን፤ እንደ ድሮው ደብተር አለን። ነገር ግን ደብተሩም ላይ የምንጽፈው በነዚሁ አራት ቃላትና በዚሁ ቅደም ተከተል ነው። መብራት ሲመጣ ተረኛው ሳያስብ እንዳለ ይገለብጠዋል። ከመካከላችሁም ለራሳችሁ ደብተር እንዲህ መጻፍ የጀመሩ አሉ፤ አንዲት እኅታችን ለቡና ቤቷ ዱቤ ትጠቀምበታለች። «ይጠበቅ» የሚለው በዝቶባታል አሉ።

ያቺ ሰባት ወር የጠበቁት እናታችን ሁለተኛ ቀጠሯቸውን ይዘው ሲመጡ በዚህ አጻጻፍ መዘገብንላቸው። ጮክ ብለን አነበብንላቸው፤ እሳቸውም መልሰው ነገሩን፤ «ከጠዋቱ 3 ሰዓት» አሉ። ከእኛ አንዱ አብሯቸው ሄደ። ኢንተርቪውን አድርገዋል። አሁን በመዝገባችን ላይ «ይጠበቅ» ላይ ናቸው።

ከእናንተ የምንፈልገው ይህ ነው። ቀጠሮ ሲሰጣችሁ ወረቀቱን ራሱን አምጡ እንጂ በቃል የሰማችሁትን አትንገሩን። ወረቀት ካልተሰጣችሁ ደግሞ በነገራችሁ ሰው እጅ ቀኑንና ሰዓቱን አስጽፉ። ስንመዘግብላችሁ እዚያው ቁሙና እናንብብላችሁ፤ «ጽፈናል» ስላልናችሁ ብቻ አትሂዱ። ከዛሬ በፊት በአሮጌው ሠንጠረዥ ላይ የተመዘገበላችሁ ጉዳይ ያላችሁ በሙሉ ከሰኞ ጀምሮ በየብሎካችሁ ተራ መጥታችሁ እንደገና አስመዝግቡ። ያንን ቢጫ ቀለም ለማንበብ የእናንተ እርዳታ ያስፈልገናል። አሁን ጥያቄ ካላችሁ እንቀበላለን፤ ከኋላ ያሉት እናታችን ቀድመው እጃቸውን አንሥተዋል።